ወተቱ በ3 ሰዓት ያልቃል፣ በጾም ደግሞ ይደፋል

በዚህ ሳምንት የደረሰን ደብዳቤ ከአራት ኪሎ ነው። አሳጥሬዋለሁ፣ ቁጥሮቹን ግን አልነካሁም።

«ሰላም ጋሼ። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ወተት ቤት አለችኝ። ወተቱን ከሱሉልታ የሚያመጣልኝ ሰው አለ። በቀን 60 ሊትር እቀበለዋለሁ፣ ሊትሩን በ85 ብር። ለቤቱ ለሚወስድ ሰው በ110 እሸጣለሁ። እርጎ በብርጭቆ ስሸጥ ደግሞ ከአንዱ ሊትር 160 ብር አገኛለሁ። አጠገቤ ያለ ካፌ ጠዋት ጠዋት 20 ሊትር በ95 ብር ያነሳልኛል፣ በአንዴ ስለሚወስድልኝ ደስ ይለኛል። 16 የኮንትራት ቤቶችም አሉኝ። ችግሬ ምን መሰለዎት፣ በፍስክ ቀን 3 ሰዓት ሳይሞላ ወተቱ ያልቃል። ሰው ይመለሳል፣ ኮንትራቶቹም ያኮርፉኛል። እርጎውም ከምሳ በፊት ያልቃል። ትእዛዙን እንዳላበዛ ደግሞ ባለፈው ሁዳዴ ስንት ሊትር እንደደፋሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ሰውዬው 40 ሊትር ብቻ ማምጣት ጀመረ። ካፌው 20ውን ይወስዳል፣ 8ቱን ለእርጎ አስቀራለሁ፣ 12ቱን ቀድሞ ለመጣ እሸጣለሁ፣ አለቀ። ‹የለም› ይለኛል፣ ለሌላ ሰው ሲያወርድ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ዋጋ ልጨምር? ወተቱ ሲያንስ ለማን ልስጥ? ውሃ ጠብ አድርጊበት የሚሉኝም አሉ። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ እንዲሁ፣ ቀጥሎ ካልኩሌተር ይዤ። ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ይልቅ ደስ አሰኝቶኛል፣ ምክንያቱም ያለሽበት ችግር አንቺ የምታስቢውን ያህል የወተት ማነስ አይደለም።

የደፋሽው ወተት ይታያል። ይሸታል። ቱቦው ውስጥ ነጭ ሆኖ ሲወርድ አይተሽዋል፣ ሆድሽ ባብቷል፣ እስከ ዛሬም ትዝ ይልሻል። በ3 ሰዓት ተኩል መጥታ «አለቀ» ተብላ የተመለሰችው ሴትዮ ግን የትም አልተጻፈችም። አልሸተተችም። ስለዚህ የደፋሽውን እየፈራሽ አሳንሰሽ ታዣለሽ፣ የተመለሰችውን ግን አትፈሪያትም። ሁለቱም ገንዘብሽ ናቸው። አንዱ ከኪስሽ ወጥቶ የጠፋ ነው፣ ሌላው ወደ ኪስሽ ሊገባ ሲል በር ላይ የተመለሰ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ደብተር። የሂሳብ ደብተር አይደለም፣ እሱ እንዳለሽ እገምታለሁ። ይሄኛው አራት ነገር ብቻ ነው የሚጻፍበት፤ ቀኑና የጾም ወይም የፍስክ መሆኑ፣ ስንት ሊትር እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት እንዳለቀ፣ ካለቀ በኋላ ስንት ሰው ስንት ሊትር ፈልጎ እንደተመለሰ። የተመለሰውን ሰው በሩ ጀርባ ላይ በጠመኔ አንድ አንድ ጭረት እያደረግሽ ቁጠሪው፣ ማታ ወደ ደብተሩ ትገለብጪዋለሽ። ለምን መሰለሽ፣ አሁን «በቀን 60 ሊትር ይሸጥልኛል» ትያለሽ። አይደለም። በቀን የሚሸጥልሽ 60 የሆነው 60 ስለመጣልሽ ነው። 100 ሰው ተሰልፎ 60 ብርጭቆ ብትቀጂ የሽያጭ ደብተርሽ ስለቀሩት 40 ሰዎች ምንም አይናገርም። ወተቱ በ3 ሰዓት ባለቀበት ቀን የፈላጊው ቁጥር ምናልባት 70 ሊትር ነበር፣ ምናልባት 85፤ ይሄን ከጭረቶቹ በቀር የሚነግርሽ የለም።

እና ድሮ የጻፍሽው ደብተር ካለ በእሱ አትመኪ። በ2016 ከፒያሳም ከአራት ኪሎም ስንት ሰፈር እንደተነሳ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። የድሮዋ ጎረቤትሽ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ገብታ ወተቷን ከዚያው ነው የምትገዛው። ከአዲስ ጀምሪ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አትፍሪው፣ አጭር ነው።

አንድ ሊትር ቢያጥርሽ የሚያመልጥሽ 110 ሲቀነስ 85፣ ማለትም 25 ብር ነው። አንድ ሊትር ቢተርፍሽስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ከደፋሽው 85 ብር ነው የጠፋው። ግን ወተትን የሚደፋ ማነው? አያቶቻችን ደፍተው ያውቃሉ? ያልተሸጠው ወተት ይረጋል፣ እርጎው ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው ለብ ተደርጎ አይብ ይሆናል፣ አጓቱ እንኳ የሚጠጣው አለው። በዚህ አገር እንደ ወተት መሰላል ያለው ሸቀጥ አላውቅም፣ ከአንዱ ደረጃ ሲወርድ ሌላው ይቀበለዋል። ቲማቲም ይህ ዕድል የለውም።

በቁጥር እንየው። ከ20 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ገደማ ቅቤ ይወጣል፣ እንደ ወተቱ ስብ ከፍና ዝቅ ይላል። ቅቤውን በ950 ብትሸጪ፣ ከአሬራው ደግሞ 2 ኪሎ ያህል አይብ አውጥተሽ ኪሎውን በ300 ብትሸጪ 1,550 ብር ነው። ለ20 ሲካፈል ሊትሩ 77 ብር ከ50 ይመጣል። ለጋዝና ለጉልበትሽ 5 ብር ከ50 ቀንሺ፣ 72 ይቀራል። በ85 የገዛሽው ወተት ሳይሸጥ አድሮ 72 ካመጣ የጠፋብሽ 13 ብር ነው። 85 አይደለም፤ 13። የቅቤና የአይቡን ዋጋ እኔ ለምሳሌ ያህል ነው ያስገባሁት፣ በሰፈርሽ ዋጋ ቀይሪው፣ የአሠራሩ መንገድ ግን ያው ነው።

እንግዲህ ሲያጥር 25 ይጠፋል፣ ሲተርፍ 13። ሁለቱ ሲደመሩ 38 ናቸው። 25ን ለ38 አካፍይ፣ 0.66 ገደማ ይመጣል። ትርጉሙ ይሄ ነው፤ ከ3 የፍስክ ቀን በ2ቱ ወተትሽ ለሁሉም እንዲበቃ፣ በ1ዱ ግን እንዲያጥርሽ አድርገሽ እዘዢ። ሁልጊዜ እንዲበቃ ካደረግሽ የምትንጪው ይበዛል፣ ሁልጊዜ እንዲያልቅ ካደረግሽ ደግሞ አሁን ያለሽበት ነው። ደብተርሽ 30 የፍስክ ቀን ሲሞላው የፈላጊውን ሊትር፣ የሸጥሽውንና የተመለሰውን ደምረሽ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ በተራ ደርድሪው። ከታች ቆጥረሽ 20ኛው ላይ ያለው ቁጥር የትእዛዝሽ ልክ ነው። የሚተርፈውን የምትደፊ ብትሆኚ ግን ሂሳቡ 25 ለ110 ይሆንና 7ኛውን ቁጥር ነበር የምትወስጂው። ከ7ኛ እስከ 20ኛ ያለውን ርቀት ተመልከቺ። ያንን ሁሉ ልዩነት የሚያመጣው አንድ የመናጫ ቅል ነው። ፈርተሽ ማሳነስሽ ለሚደፋ ሰው ልክ ነበር፣ ለሚንጥ ሰው ግን ልክ አይደለም።

ይህ እኔ የፈጠርኩት ሂሳብ አይደለም። የሂሳብ ሰዎች የጋዜጣ ሻጭ ጥያቄ ይሉታል፣ ምክንያቱም የዛሬ ጋዜጣ ነገ መጠቅለያ ነው፤ ብዙ ካነሳህ ይቀርብሃል፣ ጥቂት ካነሳህ ገዢ ይመለስብሃል። የአራት ኪሎ ልጆች ደግሞ ጥያቄውን በራሳቸው መንገድ ፈትተውት ነበር፤ ጋዜጣውን ከመሸጥ ይልቅ በሳንቲም ያከራዩት ነበር፣ አንዱን ቅጂ ስንት ሰው አንብቦት ይመለሳል። እኔም ተማሪ ሆኜ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ስንቱን ተከራይቼ አንብቤያለሁ። እነሱ ያልተሸጠውን ጋዜጣ የሚያስገቡበት አገኙ። አንቺም ያልተሸጠውን ወተት የምታስገቢበት አለሽ።

አንድ ነገር ግን። ቅቤና አይብም የጾም ቀን አይሸጡም። ስለዚህ በሁዳዴ የሚናጠውን ቅቤ ለዕለቱ ገበያ አታስቢው። አንጥረሽ አስቀምጪው። ሲነጠር ክብደቱ ይቀንሳል፣ ያንን በዋጋው አስገቢ፤ ንጥር ቅቤ ግን ወራት ይቆያል፣ ለፋሲካ ዶሮ የማይፈልገው ቤት ደግሞ የለም። አይቡ ግን አይቆይም፣ በጾም አይብ ላይ አትመኪ። ስለዚህ በጾም የሚተርፈው ሊትር ከ13 ብር በላይ ያስከፍልሻል፣ ትእዛዙም መቀነስ አለበት። መቀነስ አልኩ እንጂ መቁረጥ አላልኩም። ምክንያቱን ወደ ሱሉልታው ሰውዬ ስንደርስ እነግርሻለሁ።

ቀኖቹን ለይተሽ አስቢ። «በአማካይ በቀን» የሚባል ነገር ለወተት ቤት አይሠራም፤ ረቡዕና ማክሰኞን ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ሰው ሁለቱንም ቀን ይሳሳታል። ረቡዕና ዓርብ አንድ ደብተር፣ የቀሩት ቀኖች ሌላ ደብተር ይሁኑ። ከዚያ አጽዋማቱ አሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሁለት ሳምንት ናት፣ እሷን ደግሞ ሕፃኑም ስለሚጾማት ከሌላው ጾም ትለያለች። የሰኔ ጾም በየዓመቱ ርዝመቱ ይለያያል፣ መጀመሪያው ከጰራቅሊጦስ ጋር ስለሚሄድ። ነነዌም ሰኞ ገብታ ረቡዕ ትወጣለች፣ ብዙ ሰው ይረሳታል፣ ወተት ሻጭ ግን መርሳት የለበትም። የቅበላ ሳምንት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሰው ሁሉ ሊሰናበት ይመጣል፣ ሰኞ ጠዋት ግን አንድም የለም። ቅበላ እሑድ ስለደራ ብሎ ለሰኞ 60 ሊትር ያዘዘ ሰው ቢደፋ አይገርምም። ባለፈው ሁዳዴ ከደፋሽው ውስጥ ስንቱ የመጀመሪያው ሳምንት እንደሆነ እስቲ አስታውሺ።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው 50 ቀን ደግሞ የወተት እጥረት ሁሉ እናት ነው። ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሰው 55 ቀን ታግሶ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ ላሟ ግን ትናንት የሰጠችውን ያህል ነው ዛሬም የምትሰጠው። 40 ሊትር መጣልኝ ብለሽ ያለቀስሽው በዚህ ወቅት ነው፣ አንቺ ብቻም አይደለሽም።

ሙስሊም ደንበኞችሽን ደግሞ በደብዳቤሽ አላነሳሻቸውም። አራት ኪሎ ላይ የሌሉ እንዳይመስልሽ። ረቡዕ ለእነሱ እንደ ማንኛውም ቀን ነው። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ፈላጊው ወደ ማታ ይዞራል፣ ለማፍጠሪያ እርጎም ወተትም የሚፈልግ ይመጣል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣል፣ በ2018 ከሁዳዴ ጋር በአንድ ሳምንት ነበር የገቡት። ጠዋት የሚተርፈውን ማታ የሚወስድ ሰው ሰፈርሽ ውስጥ እያለ መድፋት ያሳዝናል። ቤቱን እስከ ማታ 1 ሰዓት መክፈትና ውጭ አንዲት ወረቀት መለጠፍ ነው የሚጠይቀው።

አሁን ወደ ካፌው። እህቴ፣ እዚህ ጋ ነው ካልኩሌተሩን ያነሳሁት።

ካፌው ከአንድ ሊትር 10 ብር ነው የሚሰጥሽ። ለቤቱ የሚወስደው ሰው 25 ይሰጥሻል። እርጎው 160 ነው፣ 85 ሲቀነስ 75፣ ለስኳርና ለጋዝ፣ ለሚሰበረው ብርጭቆም 15 ብር ብናወጣለት 60 ይቀራል። ወተት በሞላበት ቀን ለሦስቱም መስጠት ጥሩ ነው። ወተት በጎደለበት ቀን ግን ጥያቄው «የትኛው ይሸጣል» መሆኑ ይቀራል፣ ሁሉም ይሸጣላ። ጥያቄው «የጎደለው ሊትር የት ቢገባ ይሻላል» ነው። አንቺ ደግሞ 10 ብር ለሚሰጥሽ መጀመሪያ ትቀጂና 60 ለሚሰጥሽ የተረፈውን ትሰጫለሽ። «በአንዴ ስለሚወስድልኝ ደስ ይለኛል» ብለሻል። 3 ሰዓት ሳይሞላ በሚያልቅ ዕቃ ላይ በአንዴ መወሰዱ ምን ጥቅም አለው?

የ40 ሊትሩን ቀን እንየው። አሁን በምታደርጊው፣ ካፌው 20 ሊትር፣ 200 ብር። ቀድሞ የመጣ ሰው 12 ሊትር፣ 300 ብር። እርጎ 8 ሊትር፣ 480 ብር። ድምሩ 980። አሁን እንዲህ ብትከፋፍዪው፤ ለኮንትራቶቹ 15 ሊትር፣ 375 ብር፣ ለእርጎ 13፣ 780 ብር፣ በር ላይ ለሚመጣ 7፣ 175 ብር፣ ለካፌው 5፣ 50 ብር። ድምሩ 1,380። ያው ወተት፣ ያው 40 ሊትር፣ ያው ሰውዬ ያመጣው። በቀን 400 ብር ልዩነት። አንድም ብር ዋጋ ሳትጨምሪ፣ አንድም ጠብታ ውሃ ሳታስገቢ።

እርጎው ከምሳ በፊት ያልቃል ስላልሽ ነው 13 ያደረግኩት፤ ፈላጊው ያን ያህል ባይሆን ዝቅ አድርጊው፣ ጭረቱ ይነግርሻል። ግን የእርጎ ወተት ዛሬ ካልተቀመጠ ነገ እርጎ የለም። ስለዚህ ወተቱ እንደወረደ፣ ማንም ሰው በር ላይ ሳይቆም፣ የእርጎውን ቀንሰሽ ወደ ጓዳ። ሰው ፊትሽ ቆሞ እየለመነሽ «ይሄ ለእርጎ ነው» ማለት አትችይም፣ እኔም አልችልም። ያልታየ ወተት አይለመንም።

የኮንትራቶቹንም ለብቻ ቅጂና ስም የተጻፈበት ዕቃ ውስጥ አድርገሽ እስከ 4 ሰዓት አቆዪ። በዚያ ሰዓት ካልመጡ መሸጥ ትችያለሽ፣ ይህንንም አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አንድ የኮንትራት ቤት በቀን 1 ሊትር ቢወስድ፣ በወር 20 ቀን ቢመጣ፣ 500 ብር ትርፍ ነው። ሦስት ቀን ተከታትሎ ካጣ ግን የሚቀየርብሽ ቤቱ ነው። የወሩን ግማሽ ቀድመው እንዲከፍሉሽ ጠይቂያቸው፤ ቀብድ የከፈለ ሰው አይቀርም፣ አንቺም ለሱሉልታው ሰው የምትከፍዪው ጥሬ ብር ይኖርሻል። ልጅ ሆኜ እናቴ ማንቆርቆሪያ አስይዛ የምትልከኝ ወተት ሻጭ ነበሩ። ምንም ያህል ሰልፍ ቢኖር የእኛ ግማሽ ሊትር ከበርሜሉ ጀርባ ተከድና ትጠብቀኝ ነበር። እናቴ ሰፈር እስክትቀይር ድረስ ከሌላ ሰው ገዝታ አታውቅም፣ ሌላው ጋ ሁለት ሳንቲም ቢቀንስም።

ካፌውን ግን አታባርሪ። እንዲያውም በጥንቃቄ ያዢው፣ ምክንያቱም ካፌ በጾም ቀንም ማኪያቶ ይሸጣል። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም፣ ማንም በማይመጣልሽ ሰዓት የሚያነሳልሽ እሱ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ በጾም ቀን 20፣ ከፈለገም 25 ሊትር በ95 ይውሰድ፣ በፍስክ ቀን 10፣ ወተት ሲጠፋ 5። ይህንን ንግግር ወተት በሞላበት ቀን አድርጊው። በጎደለ ቀን ብትነግሪው ሌላ የጨመረለት ሰው አግኝተሽ የከዳሽው ይመስለዋል።

ደግሞ የሱሉልታው ሰው። «ለሌላ ሲያወርድ አይቻለሁ» ብለሻል፣ ተናደሻል፣ እሺ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁዳዴ ላይ ስንት ሊትር ነበር የምትቀበዪው? አልጻፍሽም። እኔ ልገምት፤ መጀመሪያ ደፋሽ፣ ከዚያ ቀነስሽ፣ ከዚያ «ነገ አታምጣ» ማለት ጀመርሽ። ላም አትጾምም፣ እህቴ። የዚያ ሰውዬ ላሞች፣ ወይም እሱ የሚሰበስብላቸው ገበሬዎች ላሞች፣ ጠዋትና ማታ ይታለባሉ፤ ጡቱ ሞልቶ ዛሬ ቅበላ ነው፣ ነገ ሁዳዴ ነው አይባልም። መኖውም በጾም አይቀንስም። ያን ወቅት ወተቱን ይዞ የቆመው እሱ ነበር። በዚያን ጊዜ በየቀኑ 30 ሊትር ሳይቀንስ የተቀበለው ሰው ካለ፣ ፋሲካ ሲመጣ መኪናው መጀመሪያ የሚቆመው እዚያ ሰውዬ በር ላይ ነው። አንቺ ያየሽው «ሌላ ሰው» ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ሁዳዴ ላይ ምን ሲያደርግ እንደነበር ጠይቂ።

ስለዚህ የፋሲካ እጥረት የሚፈታው በሁዳዴ ነው። ሰውዬውን ጥሪው፣ ቡና አፍዪለት፣ እንዲህ በዪው፤ በፍስክ 65 ወይም 70፣ ደብተሩ የሚያወጣውን፣ በጾም ደግሞ ምንም ቢመጣ 30 ሊትር፣ ሳላጓድል። በበዓለ ሃምሳ ግን ከ60 አታወርደኝም። በጾሙ ካፌው ከ30ው 20ውን ይወስዳል፣ ሕፃንና ሕመምተኛ ያለበት ቤት ትንሽ ይወስዳል፣ ሙስሊም ጎረቤቶችሽ አሉ፣ የቀረችው 3 ወይም 4 ሊትር ወደ መናጫው ትሄድና በፋሲካ ንጥር ሆና ትመለሳለች። በእሷ ላይ የምትከስሪው ትንሽ ብር ለ50 ቀን ወተት የተከፈለ ቀብድ ነው ብለሽ ያዢው። ከቻልሽ ደግሞ ሌላ አቅራቢ በትንሹ ጀምሪ፣ ከሰንዳፋም ይሁን ከሆለታ፣ በሳምንት ሁለት ቀን 10 ሊትር እንኳ። አንድ መንገድ ሲዘጋ ሌላው ይኖራል።

ስለ ውሃው ብዙ አልልም። አይሆንም። ኃጢአቱን ለንስሐ አባትሽ ትቼ በሂሳቡ ብቻ እንኳ አያዋጣም፤ ከሁሉ በላይ የሚያተርፍልሽ እርጎው ነው፣ ውሃ የገባበት ወተት ደግሞ እርጎው ቀጥኖ ይቀራል፣ ቅቤውም ያንሳል። ንጹሕ ያልሆነ ውሃ ከሆነማ ሰው ይታመማል። ይልቅ አንቺ የምትቀበዪውን መርምሪ። የወተት ውፍረት መለኪያ፣ ላክቶሜትር የምትባለው፣ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ንጹሕ የላም ወተት ላይ ብዙውን ጊዜ ከ28 እስከ 32 ታነባለች፣ ውሃ ሲገባ ትወርዳለች። ብልጥ ሰው ግን ቅባቱን ገፎ ውሃ ይጨምርና መለኪያዋን ያታልላታል፣ ቅባት ሲወጣ ንባቡ ከፍ፣ ውሃ ሲገባ ዝቅ ይላልና። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ከእሱ ወተት 2 ሊትር ለብቻ አርግተሽ ናጪና ቅቤውን መዝኚ። ቅቤ አይዋሽም። ጠዋት ሲወርድም ከእያንዳንዱ ዕቃ ትንሽ ቀድተሽ አፍዪው፣ ከተቆራረጠ ያ ዕቃ ይመለሳል። ወተቱ ደህና ሆኖ እርጎው አልረጋ ካለሽ ደግሞ ላሟ መድኃኒት እየተወጋች ሊሆን ይችላል፣ ጠይቂው። የላም መድኃኒት ወተቱን የሚያረጋውንም ነገር ይገድላል።

ማቀዝቀዣውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፤ የትናንቱን ከዛሬው አትቀላቅዪ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ፣ ፍሪጁ 4 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ደግሞ ውሃ የሞላባቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ሆነው ይጠብቁሽ።

ዋጋስ? በወተቱ ላይ አሁን አትጨምሪ። እናቶቹ ሊትሩን በቃላቸው ነው የሚያውቁት፣ 5 ብር ብትጨምሪ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። በእርጎው ላይ ግን ትችያለሽ፤ ከምሳ በፊት የሚያልቅ እርጎ ዋጋው አንሷል ማለት ነው። በብርጭቆ 2 ወይም 3 ብር ጨምሪና እስከ ምሳ ማለፉን ተመልከቺ። ብርጭቆውን ማሳነስ የሚባለውን ግን ተዪው፣ ሰው ከዋጋ ጭማሪ ይልቅ በትንሽ ብርጭቆ ይናደዳል፣ እኔ ራሴ እናደዳለሁ።

ከሁሉ መጀመሪያ የእርጎው 13 ሊትር ነው። ነገ ጠዋት ሰውዬው ሳይመጣ ባዶውን ዕቃ ጓዳ አዘጋጂ፣ ካፌው ልጅ ልኮ «20ውን» ሲልሽ ዕቃው ሞልቶ ተከድኖ ይቆይሽ። ጠመኔውን አትርሺ። ደብተሩ 30 የፍስክ ቀን ሲሞላው ቁጥሮቹን ላኪልኝ፣ 20ኛውን አብረን እንፈልገዋለን።